ጋሽ ንዝረት በእጁ የጠመጠማት

ከጎማ ቤቱና ከመድኃኒት ቤቱ መካከል አንዲት ክፍል አለች። ከመጥበቧ የተነሳ መሀሏ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን የዘረጋ ሰው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ይነካል። በአንዱ በኩል ሆዳቸው የተከፈተ የውሃ ፓምፕ፣ የወፍጮና የቬንትሌተር ዲናሞዎች ተደርድረዋል፤ በሌላው በኩል የመዳብ ሽቦ ጥቅልሎች እንደየውፍረታቸው በሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። ገና ከደጃፉ የቫርኒሽ ሽታ እንግዳ ይቀበላል። አዲስ ደንበኛ አፍንጫውን ሲይዝ የቤቱ ባለቤት ትስቃለች። «እኔን የሚያሳስበኝ ሽታው ሲጠፋ ነው፤ ያን ቀን ጉንፋን ይዞኛል ማለት ነው» ትላለች።

ይህች ሴት ዲናሞ ጠምጣሚ ናት። የተቃጠለውን ሽቦ ዘርግፋ፣ አዲሱን ቆጥራ ጠምጥማ፣ በቫርኒሽ ነክራ፣ አድርቃ ትመልሳለች። ሥራውን ከአባቷ ወርሳ አርባ ዓመት ሠርታበታለች። ሰፈሩ «እትዬ ሽቦ» ይላታል። ስሙ ከሥራዋ ይውጣ ከቅጥነቷ የሚያውቅ የለም፤ ሁለቱም አያስዋሽም። በወጣትነቷ አግብታ ፈታለች። ምክንያቱን የሚጠይቃት ሲመጣ «ቫርኒሽ አይወድም ነበር» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የጎረቤቱ ጎሚስታ ኮፍያውን በእጁ ይዞ በሯ ላይ ቆመ። ኮፍያውን ሲያወልቅ አይታው አታውቅም፤ ራሰ በራ መሆኑንም ያን ቀን ነው ያወቀችው።

«እትዬ ሽቦ፣ ሰምተሻል?»

የፓምፕ ጥቅል ይዛ ነበር። መቶ ሠላሳ ስድስት ላይ ደርሳለች፤ እስከ መቶ ሰማንያ መሄድ አለባት። ጣቷን ቀስራ እንዲቆይ አሳየችው። እሱ ግን መቆየት አልቻለም።

«ጋሽ ንዝረት ዐርፏል። አሁን በሬዲዮ ተናገሩ።»

እጇ አልቆመም። ጥምጠማ መሀል ላይ ከተተወ ቁጥሩ ይጠፋል፤ ቁጥሩ ከጠፋ ደግሞ ሁሉም ፈርሶ እንደገና ነው። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ መቶ ሰማንያ ድረስ ሄደች፤ ጫፉን በክር አሰረች፤ ሽቦውን ቆረጠች፤ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ በሽርጧ ጠረገችና አደረገችው። ወዲያው እንደገና አውልቃ ጠረገችው።

«መቼ?» አለች።

«ንጋት ላይ ነው ያሉት። ሆስፒታል ውስጥ።»

ጎሚስታው ወደ ጎማ ቤቱ ተመለሰና የንፋስ ማሽኑን አጠፋ። ማሽኑ ጸጥ ሲል የሬዲዮው ድምፅ ጎልቶ ወጣ። ጊታር ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ያን ድምፅ የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ኤሌክትሪክ ጊታር አንግቶ መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያው ጋሽ ንዝረት ነው፤ ያገኘውን እየተጫወተ ዝም ያለም ሰው አይደለም፣ የሚጫወትበትን መሣሪያ ራሱ እየፈለሰፈ የሠራ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የዚያ ድምፅ ጉሮሮ የተሠራው በዚህች ጠባብ ክፍል ውስጥ መሆኑን ነው። ጎሚስታው ይህን ያውቃል። ጋሽ ንዝረትና እትዬ ሽቦ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዳልተነጋገሩም ያውቃል።

ነገሩ የተጀመረው እሷ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷም በሕይወት እያሉ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ፀጉሩ የተንጨባረረ ወጣት በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ይዞ መጣ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ከባንድ ጋር ጊታር ይጫወታል። ጊታሩ ድምፁ ጠፍቷል። ጊታር ተጫዋቾች ፒካፕ የሚሏት፣ ከክሮቹ ሥር የምትቀመጥ ማግኔትና ሽቦ አለች፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጠው እሷ ናት። የሬዲዮ ጠጋኙ ጋ ቢወስዳት «ጣላትና ከውጭ አስመጣ» ብሎታል።

አባቷ ጥቅሏን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሷት።

«ልጄ፣ እኛ የምንጠመጥመው የወፍጮ ዲናሞ ነው» አሉት። «ይቺ የቁንጫ ወፍጮ ናት።»

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ሊወጣ ሲል ልጅቷ ከጀርባ «ትቷት ይሂድ» አለች። ለምን እንዳለች እሷም አታውቅም። ምናልባት አባቷ አይቻልም ስላሉ ይሆናል።

ሽቦው ከፀጉር የቀጠነ ነበር። እንዲህ ያለ ሽቦ በሱቅ አልነበረም፤ ከተሰባበሩ ሁለት የስልክ ደወሎች ፈትታ አወጣችው። የእናቷን የስፌት መኪና መዘውር ማጠንጠኛ አደረገችው። ሽቦውን በሁለት ጣቷ መሀል እያሳለፈች ትቆጥራለች፤ መቶ በሞላ ቁጥር አንድ ቁልፍ ከአንዱ ጣሳ ወደ ሌላው ትጥላለች፤ የሸሚዝ ቁልፍ፣ የካፖርት ቁልፍ፣ የተገኘውን። ጠበቅ ካደረገችው ይበጠሳል፤ ላላ ካደረገችው ያብጣል። አሥራ አንድ ቀን ፈጀባት። በመጨረሻ በሻማ ሰም ነክራ ሰጠችው።

በማግስቱ ወጣቱ ሻንጣ የሚያህል አምፕሊፋየር ተሸክሞ እያለከለከ መጣ። ሳይጠይቅ ሶኬቱ ላይ ሰክቶ አንዲት ክር መታ። በሚስማር ላይ የተሰቀሉት የመዳብ ጥቅልሎች አብረው ኡኡ አሉ። አባቷ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«ምን አድርገሽው ነው?» አላት ወጣቱ።

ልጅቷ የተበላሸ መሰላት። «ሽቦ ተርፎኝ ነበር» አለች። «መጣል አሳዘነኝና ጨመርኩት። ይቅርታ።»

«ምን ያህል ጨመርሽ?»

«አሥራ ሦስት ቁልፍ።»

ወጣቱ አንድ የወፍጮ ዲናሞ ላይ ተቀመጠና እስኪደክመው ሳቀ። «ጨው የበዛበት ወጥ ሰምቻለሁ። ሽቦ በዝቶበት የጣፈጠ ግን ዛሬ ገና ነው» አላት። ጊታሩ ያን ድምፅ ያገኘው በዚያ ቀን ነው፤ ወፍራም፣ ደረት ያለው፣ ከሩቅ የሚለይ።

ንዝረት የሚለውን ስም ያገኘውም በዚያው ዓመት ነው። በገዛ እጁ የሠራት የመጀመሪያ አምፕሊፋየር የመሬት ሽቦ አልነበራትም። ዘፋኙ ከንፈሩን ማይክሮፎኑ ላይ ሲያሳርፍ ኤሌክትሪኩ ነዘረውና ወደ ኋላ ዘለለ። ተመልካቹ አዲስ ጭፈራ መስሎት አጨበጨበ። በማግስቱ እትዬ ሽቦ የመሬት ሽቦውን አስገባችለት። ዘፋኙ ግን ከዚያ በኋላ ማይክሮፎን በያዘ ቁጥር «እትዬ ሽቦ አይታዋለች?» ሳይል አፉን አይከፍትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ምናምን ዓመት አብረው ሠሩ። እሱ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ የሣለውን ይዞ ይመጣል፤ እሷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አይታ «አይሆንም» ትላለች፤ እሱ «ሞክሪው» ይላል፤ በሦስተኛው ሙከራ ይሆናል። ከአሮጌ በር ሳንቃ ጊታር ጠረበ። ለእያንዳንዷ ክር የየራሷን ጥቅል አስጠመጠማት፤ ስድስት የቁንጫ ወፍጮ። ከስፌት መኪና መርገጫ ድምፁን በእግር እየሳበ የሚያስለቅስ መሣሪያ ሠራ። ሐሳቡ የእሱ፣ ጥምጠማው የእሷ ነበር። ማንም ይህን በወረቀት አላሰፈረውም፤ አስፈላጊ መስሎም አልታያቸው።

ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ሬዲዮ ላይ ቀረበ። ጋዜጠኛው «ይህን ሁሉ ማን ሠራልህ?» ሲል ጠየቀው። እሱም «ማን ይሠራልኛል? በዚች ጭንቅላት አስቤ፣ በነዚህ እጆቼ ሠራሁት» አለ። እትዬ ሽቦ ያን ጊዜ ቫርኒሽ እየቀባች ነበር። ቡርሹን አስቀምጣ ሬዲዮውን ዘጋች። ያን ቀን እንደገና አልከፈተችውም።

በሳምንቱ ያችን የመጀመሪያዋን ፒካፕ ይዞ መጣ። የእጁ ላብ ዓመታት ሙሉ ሲበላት ኖሮ ጸጥ ብላለች።

«ሽቦዬ፣ አመመቻት» አላት እንደ ልማዱ።

«እነዚያ እጆችህ አሉ አይደል ጋሼ» አለችው ቀና ሳትል። «እነሱ ይሥሯት።»

መልስ ቢሰጥ፣ ቢቆጣ፣ ቢስቅ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ፒካፗን ጋዜጣው ውስጥ መልሶ ጠቅልሎ ወጣ። እሷም ከበሩ እንዲመለስ ጠብቃ ነበር፤ አልተመለሰም። ዓመት ዓመትን ወለደ። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ተላለፉ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ዞረው የሳል ሽሮፕ ዋጋ ያነቡ ጀመር። መታመሙን ስትሰማ ብርቱካን ገዝታ እስከ ሆስፒታሉ በር ሄዳለች። ዘበኛው የጥየቃ ሰዓት አልፏል ሲላት እፎይ አለች፤ እፎይ በማለቷም እስከ ቤቷ ድረስ ራሷን ወቀሰች። በማግስቱ እሄዳለሁ ያለችው በማግስቱ አልሆነም። ቀጥሎ የመጣው የጎሚስታው ኮፍያ ነው።

በቀብሩ ቀን ከሰዉ ኋላ፣ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። ከፊት ሆነው የሚናገሩት ሰዎች የሕይወት ታሪኩን አነበቡ፤ «በገዛ እጁ» የሚለው ቃል አራት ጊዜ ተጠራ። ቃሉ እንደበፊቱ እንዲወጋት ጠብቃ ነበር። አልወጋትም። ሰውዬው ራሱ ከሌለ ቂሙን ለማን ትያዘው? የቀረው ናፍቆት ብቻ ሆኖ አገኘችው፤ «አይሆንም» ብትል «ሞክሪው» የሚላት ሰው የለም። ከፊት ለፊት ጥቁር የለበሰችውን ሚስቱን በሰዉ ትከሻ መሀል አየቻት። ለመቅረብ ድፍረት አጣች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሚስቱ ራሷ መጣች። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆና ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና ስትመታ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ አጭርና ቀጥ ያለች ሴት ናት። ከኋላዋ አንዲት ወጣት ሴት የጊታር ቦርሳ አዝላለች፤ ጋሽ ንዝረት በመጨረሻ ዓመታቱ ያስተማራት ተማሪው ናት።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች እትዬ ሽቦ ብድግ ብላ። «ቤት ድረስ መምጣት ነበረብኝ።»

«ነበረብዎት» አለች ጸሐፊዋ። «አሁን እሱን እንተወውና ወንበር ይስጡን።»

ወንበር አንድ ብቻ ነበር። ተማሪዋ የፓምፕ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ነገሩን ያስረዳችው እሷ ናት። በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ እሱ በተጫወተበት አዳራሽ ውስጥ መታሰቢያ ይደረጋል። በእሱ ጊታር ትጫወታለች ተብሏል። ትናንት ስትሰካው ግን ጊታሩ ምንም ድምፅ አልሰጠም። የአዳራሹ ቴክኒሻን አሮጌዋን ፒካፕ አውጥቶ አዲስ ሊያስገባ ነበር፤ ጸሐፊዋ ናት እጁን የያዘችው።

እትዬ ሽቦ ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ በጨርቅ አስተኝታ ብሎኖቹን ፈታች። የምትጠብቀው የራሷን እጅ ነው፤ እንደ ሐር የተደረደረ፣ ሰም የጠጣ ጥቅል። ክዳኑን ስታነሳ ያየችው ግን ሌላ ነው። ሽቦው ከላይ ወደ ታች ይዋዥቃል፤ አንዱ ጎን አብጧል፣ ሌላው ጎድጉዷል፤ ሦስት ቦታ ላይ ተበጥሶ ተቀጥሎ እንደ ምስር ፍሬ ያበጠ ብየዳ አለበት። ሰም የሚባል አልነካውም።

«ይኼን ማን ነው የነካካው?» አለች ደሟ ፈልቶ። «የፍየል መንገድ እኮ ነው።»

ጸሐፊዋ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

«እሱ ነው» አለች።

«ማን እሱ?»

«ባሌ ነዋ። እርስዎ ‹እጆችህ ይሥሯት› ብለውት የለ? ሠራት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የእጅ መሰርሰሪያ አስሮ፣ ሁለት ወር ሙሉ። ቁጥሩ እየጠፋበት ሲያስቸግር እኔ መቁጠር ጀመርኩ፤ በየመቶው በጽሕፈት መኪናዬ አንድ ነጥብ እመታለሁ። አንድ ጊዜ ሰባት መቶ ላይ አስነጥሶት ተበጠሰ። የተናገረውን እዚህ አልደግመውም።»

እትዬ ሽቦ ጥቅሏን በመዳፏ ይዛ ብየዳዎቹን ቆጠረች።

«ምን ይል ነበር?» አለች ቀስ ብላ።

«በተበጠሰ ቁጥር እርስዎን ነበር የሚረግመው። ‹ይህቺ ሴት ይኼን ሁሉ ዓመት ስትሠራልኝ አንድ ቀን እንኳን ከባድ ነው አላለችኝም› ይላል። ‹ታዲያ ሄደህ ንገራት› እለዋለሁ። ጫማውን ያደርጋል፣ ይወጣል፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይመለሳል። ‹ቤቷ ዝግ ነው› ይለኛል። እኔ ደግሞ ዳቦ ልገዛ በዚሁ አልፋለሁ፤ ቤትዎ ወለል ብሎ ክፍት ነው። ስንት ጊዜ ዝግ ነው እንዳለኝ ቢቆጥሩት...» እጇን አወናጨፈች። «ወንድ ልጅ ሲያፍር ውሸቱም አያምርበትም።»

መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች ተማሪዋ ኋላ ላይ ልትናገር አልቻለችም። ሁለቱ ሴቶች ጥቅሏን መሀል አድርገው ሳቁ፤ እትዬ ሽቦ ያበጡትን ብየዳዎች አንድ በአንድ በጣቷ እያሳየች፣ ጸሐፊዋ ደግሞ «እሷ የማስነጠሱ ናት፣ ይቺኛዋ ስልክ ሲጮህ ነው» እያለች። ከዚያ ሳቁ ሳይቋረጥ ለቅሶ ሆነ፤ አላፈሩበትም። እትዬ ሽቦ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ያልወረደላት እንባ ያን ጊዜ ወረደ። ተማሪዋ የምታደርገው ጠፍቷት የጊታሩን ብሎኖች በቁመታቸው ትደረድር ነበር።

ሲረጋጉ እትዬ ሽቦ አሠራሩን አሰበች። «በሁለት ቀን ውስጥ አፍርሼ እንደ ድሮው እጠመጥማታለሁ» አለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልናገር?» አለች ተማሪዋ። «በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሲያንጎራጉር ድምፁ በጊታሩ ውስጥ ይሰማ ነበር። ማይክሮፎን ሳይኖር። ሁላችንም አዲስ ፈጠራው ነው እንል ነበር። እንዴት እንደሚያደርገው ብንጠይቀው ‹ምስጢር ነው› ብሎ ዝም ይለናል። ቢፈርስ ይሄ ይጠፋል?»

እትዬ ሽቦ ጥቅሏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ በጥፍሯ ነካ አደረገቻት።

«ሰም ስላልነከራት ነው» አለች። «ሽቦዎቹ ልቅ ናቸው፤ ያገኙትን ሁሉ ይሰማሉ፤ ጣት ብትነኪያቸው፣ ብትናገሪያቸው። እሱም አላወቀውም ይሆናል እኮ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ስህተት ነው እንዳልል ደግሞ አፌን ይይዘኛል። እኔም ያን ጊዜ ተርፎኝ ነው የጨመርኩት።»

አላፈረሰችውም። ቴስተሯን አውጥታ ለካች፤ የተበጠሰው ከጥቅሉ ውስጥ አልነበረም፣ ሽቦው ሊወጣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። በአጉሊ መነጽር እያየች፣ ትንፋሿን እየያዘች፣ ጫፏን በመርፌ አንስታ ቀጠለቻት። ግማሽ ቀን ፈጀባት፤ ዐይኗ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሦስት ጊዜ ስታታለች። ከእሱ ዙሮች አንዱንም አልነካችም። ሰሙንም አላቀለጠችም።

ተማሪዋ አምፕሊፋየሩን ሰክታ ክሮቹን መታች። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ነጭ ጋዋን እንደለበሰች፣ ከኋላዋም ማዘዣ የያዘ ደንበኛዋ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። ድምፁ የድሮው ደረት አለው፤ በላዩ ደግሞ ትንፋሽ የሚመስል ቀጭን ፉጨት። ተማሪዋ ቀስ ብላ ወደ ክሮቹ ጎንበስ ብላ አንጎራጎረች። ድምፅዋ ከአምፕሊፋየሩ ውስጥ ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ሆኖ ወጣ። ጸሐፊዋ ዐይኗን ጨፍና ሰማች፤ ሲያልቅ «እንደገና» አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። እትዬ ሽቦ የኋላ ወንበር ልትይዝ ስትል ጸሐፊዋ ክንዷን ይዛ ከፊት አስቀመጠቻት፤ ከጋሽ ንዝረት ልጅ አጠገብ፣ ከሌላ ከተማ ለኀዘኑ ከመጣችው። የድሮው ዘፋኝ ምርኩዝ ይዞ ወደ መድረክ ወጣ። ማይክሮፎኑን ያዘና ከንፈሩን ከማሳረፉ በፊት ቆመ። ዐይኑ ሰዉን ፈተሸ።

«እትዬ ሽቦ አይታዋለች?» አለ።

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ሳቁ፤ ወጣቶቹ ምን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ዞር አሉ። እትዬ ሽቦ ፊቷ ቀላ። ሁሉም ሰው የሚጠብቃት መሆኑን ስታይ ግን ተነሳች።

«አይቼዋለሁ» አለች። «አይነዝርህም፣ ዝፈን።»

ዘፋኙ ከመዝፈኑ በፊት ይህች ሴት ማን እንደሆነች ለወጣቶቹ ነገራቸው፤ የስልኩን ደወል፣ የስፌት መኪናውን፣ ስድስቱን የቁንጫ ወፍጮዎች። ረጅም ንግግር አልነበረም። ጭብጨባው ግን ረዘም አለ፤ እትዬ ሽቦ እጇን የምታስቀምጥበት አጥታ የቦርሳዋን ዚፕ ትከፍትና ትዘጋ ነበር። ቀጥሎ ተማሪዋ ተጫወተች። መሀል ላይ ወደ ክሮቹ ጎንበስ ስትል ሰዉ ትንፋሹን ሲውጥ ተሰማ።

ልጇ ወደ ከተማዋ ከተመለሰች በኋላ፣ በሦስተኛው ሰኞ ጸሐፊዋ እንደገና በሩ ላይ ቆመች። «ዳቦ ልገዛ ሳልፍ ነው» አለች፤ እጇ ላይ ግን ዳቦ አልነበረም። እትዬ ሽቦ አይታ እንዳላየች ሆና ሁለተኛ ወንበር ከጎማ ቤቱ ተዋሰች።

«ቤቱ ጸጥ አለብኝ» አለች ጸሐፊዋ እንደተቀመጠች። «ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይሰረስር ነበር። ቢያንስ የሚቃጠል ነገር ይሸተኝ ነበር።»

«የሚቃጠል ነገር ከሆነ እዚህ አለልሽ» አለች እትዬ ሽቦ። «እርስዎ»ን በየትኛው ቀን እንደተዉት አላስታወሱም። «ጣቶችሽን እስቲ አሳዪኝ።»

ሠላሳ ዓመት የጽሕፈት መኪና የመቱ ጣቶች ነበሩ፤ ቀላል፣ ፈጣን፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው የሚነሳ። እትዬ ሽቦ የመድኃኒት ቤቱን የተቃጠለ ቬንትሌተር አምጥታ ፊቷ አስቀመጠች። የመጀመሪያው ጥምጠማ ፈረሰ። ሁለተኛውም ፈረሰ። ጸሐፊዋ አኩርፋ ሻርፗን አንስታ ወጣች፤ በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከጎሚስታው ቀድማ ደርሳ በሩ እስኪከፈት ቆማ ጠበቀች። በሦስተኛው ቬንትሌተሩ ዞረ። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ ነፋሱ ወረቀቶቿን በትኖባት ስታሳድድ ሁለቱም በበሩ አንገታቸውን አስግገው ይስቁ ነበር።

ከመታሰቢያው በኋላ ሰዎች ድምፃቸው የጠፋ ጊታሮች ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ተማሪዋም እየላከች፣ ዘፋኙም እየተናገረ። እትዬ ሽቦ ቀጫጭኑን ሽቦ ለጸሐፊዋ ሰጠቻት፤ ዐይኗ ለዚያ አይበቃም፣ የጸሐፊዋ ጣት ደግሞ ለዚያ የተፈጠረ ነው። ወፍራሙን፣ የወፍጮውንና የፓምፑን፣ ለራሷ አስቀረች። አንዳንዴ ደንበኛ «ድምፁ ትንሽ የሚያፏጭ ይሁንልኝ፣ እንደ ጋሽ ንዝረት» ይላል። ያን ጊዜ ሁለቱ ይተያያሉ። አንዷ «ሰም እንዳታስነኪው» ትላለች፤ ሌላዋ «እንዲያውም መሀል ላይ አስነጥስበታለሁ» ትላለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጸሐፊዋ አዲስ ጥቅል ለመጀመር ሽቦዋን እየመረጠች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ልጇ ነበረች፤ ድምፅዋ ተጨንቋል።

«እማዬ፣ ከትናንት ጀምሮ በቤቱ ስልክ እደውላለሁ፣ የለሽም። ጎረቤቶችም ጠዋት ጠዋት ትወጣለች ይሉኛል። የት ነሽ?»

ጸሐፊዋ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ የመረጠችውን ሽቦ ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«የት እሆናለሁ? ሥራ ላይ ነኝ» አለቻት። «ማታ እደውልልሻለሁ።»